ያንተ ምንሽርና የኔ ወስፌ

ለውድ ባለቤቴ ለአያሌው፣
የእህል በረንዳ የሦስተኛው ረድፍ የጸጥታ ኃላፊ፣ በሙሉ ድምፅ ተሾመህ አንድ ጥይት ሳትተኩስ በክብር ለተሰናበትከው፤

ጤናህን አልጠይቅህም። አሁን ባለህበት ደም ግፊት የሚባል ነገር እንደሌለ የንስሐ አባታችን አረጋግጠውልኛል፤ ጨው እንደልብህ ብላ። ከተለያየን እነሆ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነን። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም፤ ተቀይሜህ ነው። ሰው «እስኪ ትንሽ ጋደም ልበል» ብሎ፣ ምሳው ቀርቦለት፣ እንዴት በዚያው ይሄዳል? ቅያሜዬን የምተው አልነበርኩም። ግን ባለፈው ወር አንድ ነገር አወቅሁብህና ልጽፍልህ ግድ ሆነ። ምስጋና ሆዴ ውስጥ ሲያድር እንደ ጥሬ ሽምብራ እንደሚነፋኝ ታውቃለህ።

በቅድሚያ የቤቱን ሪፖርት ላቅርብ። ሱቁ በቦታው አለ። ሚዛናችን ዲጂታል ሆኗል፤ ቁጥሩን በቀይ መብራት ያሳያል፣ ደንበኛው ግን አሁንም ጆንያውን በእጁ ብድግ አድርጎ ሳይሞክር አያምንም። ልጃችን ዳዊት በሩ ላይ ካሜራ ሰቅሏል። ካሜራው ቀኑን ሙሉ የሚቀርጸው የጎረቤታችንን የጋሽ መኩሪያን ጀርባ ስለሆነ፣ አንድ ቀን የጋሽ መኩሪያ ጀርባ ቢሰረቅ በቂ ማስረጃ አለን። ወንበርህ ላይ ድመቷ ተሹማለች። እንዳንተው ዓይኗን ከድና ሁሉን ትሰማለች፣ እንዳንተው አስተያየት አትሰጥም።

ልጃችን ሃያ ስድስት ዓመት ሞላው። ትከሻው ያንተ ነው፣ አፉ እንደፈራኸው የኔ ሆኗል። አርባህ ከወጣ ጀምሮ ሱቁን የሚከፍተው እሱ ነው፤ ጎበዝ ነው፣ ጤፍ በምላሱ ቀምሶ የየት አገር እንደሆነ ይናገራል። ግድግዳው ላይ ያለው ትልቁ ሚስማር ግን ባዶውን ቀርቷል። የምጽፍልህ ስለ እሱ ነው።

ምንሽርህ ሄደ፣ አንተዬ። ከጎጃም ይዘኸው የመጣኸው፣ የአባትህ ውርስ፣ ፈቃዱን በላስቲክ አስለብጠህ ከጎኑ የሰቀልክለት ምንሽር ጠመንጃ። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ በሩ ላይ ተቀምጠህ በዘይት ጨርቅ ስትወለውለው ከሶማሌ ተራ ድረስ ሰው መንገዱን አሳብሮ ያይህ ነበር። ገበያተኛው ባርኔጣውን አንስቶ «ጋሽ አያሌው!» ሲልህ የሰላምታው ግማሽ ላንተ፣ ግማሹ ከኋላህ ለተሰቀለው ነበር። እኔም ብዋሽ ምን ይጠቅመኛል፣ የምንሽር ሚስት መሆኔ ደስ ይለኝ ነበር። ሴቶቹ ወረፋ ያስቀድሙኝ ነበር።

የተሾምክበትን ስብሰባ ታስታውሳለህ? ዳዊት ያኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነው። ከወዲያኛው ረድፍ እህል ተሰርቆ፣ ነጋዴው ሁሉ ደንግጦ ጋሽ መኩሪያ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጠን መከርን። ጉዳዩ አንድ ነው፤ ሌባ ሲመጣ መሣሪያ ይዞ የሚወጣ ሰው ያስፈልገናል ወይስ አያስፈልገንም? ጋሽ መኩሪያ ስርቆት በጣም ጨምሯል አሉ። ባቄላና አተር የሚሸጡት ጋሽ ሱሩር በጣም ቀንሷል አሉ። ሁለቱም ቁጥር ይዘው ነበር የመጡት። ሲጣራ ለካ ጋሽ መኩሪያ የሚቆጥሩት ወሬውን ነው፤ አንድ ስልክ ተሰርቆ ሰባት ሰው ከነገራቸው ሰባት ስልክ ተሰረቀ ማለት ነው። ጋሽ ሱሩር ደግሞ የሚቆጥሩት የተያዘውን ሌባ ብቻ ነው፤ «ያልተያዘ ሰው ሌባ መሆኑን በምን አወቃችሁ?» ይላሉ። በዚህ ስሌት አንደኛው ከተማዋ ጠፋች ብለው ሲያለቅሱ፣ ሌላኛው በር ከፍተው ይተኛሉ፤ የሚለያያቸው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው።

ከዚያ ባለቤትህ ተነሳች። ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «ምንሽሩ ከተሰቀለ ወዲህ ከሱቃችን አንዲት ፍሬ ጤፍ ጠፍታ አታውቅም» አልኩ።

ጋሽ ሱሩር መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉና «ወይዘሮ ስንዱ፣ ከመሰቀሉ በፊትስ?» አሉኝ።

በፊትም ጠፍቶ አያውቅም። ግን እኔ መልስ አጥቼ አውቃለሁ? «ሌቦቹ ሊሰቀል መሆኑን ቀድመው ሰምተው ነዋ!»

መጋዘኑ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ጋሽ ሱሩር «እኔም ድመት ካስገባሁ ወዲህ ሱቄ አንበሳ ገብቶበት አያውቅም» ብለው ነበር፤ በዚያ ጭብጨባ መሃል ማን ይስማቸው። ክርክሩን አሸነፍኩ። «ሌባ!» የሚል ድምፅ ሲሰማ ጋሽ አያሌው ምንሽሩን ይዞ ይወጣል፣ እንደ አስፈላጊነቱም ይተኩሳል ተብሎ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። አንተ ተነስተህ እጅ ነሳህና «እሺ» አልክ። ያቺን «እሺ» ያኔ ኩራት መስላኝ ነበር። ቤት ገብተን ራትህን አንድ ጊዜ ቆርሰህ ስትተወውም ደስታ መስሎኝ ነበር። እኔ ሞኟ የራሴን ድል ደግሜ ደግሜ እየተረክሁልህ ድርሻህን ሳይቀር በላሁት።

በሁለተኛው ቀን ምናለሽ ተራ፣ እነዚያ ብረት ቀጥቃጮች ዘንድ ደርሰህ መጣህና አንድ ወስፌ ሰጠኸኝ። «የጆንያ ስፌት ስትፈቺ ጥፍርሽ አለቀ» አልከኝ። ብረቷ ቀጥ ያለች፣ ጫፏ የሾለ፣ እጀታዋ የወይራ፣ ልክ በኔ መዳፍ የተጠረበች። የሠርግ ቀለበቴን እንኳ በልኬ አላሠራኸውም፤ ወስፌዋ ግን ልኬ ነበረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሽርጤ ኪስ ተለይታ አታውቅም። ስንት ጆንያ ከፈትኩባት፣ ስንት ደላላ አስፈራራሁባት! ሰው ስለ ምንሽርህ ሲጠይቀኝ «ያውልህ፣ የረድፉ ጠባቂ» እያልኩ የማሳየው በሷ ጠቁሜ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋታችን ልምጣ። ባለፈቃዱ ሲሞት ፈቃዱም አብሮት እንደሚሞት፣ መሣሪያው ለፖሊስ መቅረብ እንዳለበት፣ ወራሽ ከፈለገ በራሱ ስም ማመልከት እንዳለበት አውቅ ነበር። አንተው ነግረኸኛል። ግን ዛሬ ነገ አልኩ። ከሚስማሩ ሳወርደው አንተን ዳግመኛ የምቀብርህ መሰለኝ። እኔ ዛሬ ነገ ስል ልጅህ ቀደመኝ፤ አወረደውና ከመደርደሪያው ኋላ፣ እጁ በሚደርስበት ቦታ አቆመው። ጋሽ መኩሪያ በየቀኑ ከአዲስ ቁጥር ጋር ይመጣሉ፤ «አባትህ ከሞተ ወዲህ ስርቆቱ እጥፍ ሆኗል፣ ልጄ!» ጋሽ ሱሩር ከማዶ «የምን እጥፍ? በሬዲዮ ቀንሷል አሉ እኮ!» ይላሉ። እኔስ ምን አልኩ? ያው የድሮ ንግግሬን ደገምኩለት። «ምንሽሩ ካለ ማንም አይደፍረንም» አልኩት። ልጃችን ያን ነገር ያነሳው በማንም ቃል አይደለም፤ በእናቱ ቃል ነው።

ቀኑ ገበያ የደራበት ቀን ነበር። የጭነት መኪናው ረድፉ ጫፍ ላይ ቆሟል፣ ሹፌሩ ቶሎ በሉ እያለ ጡሩምባ ይነፋል። እኔ ምስር የተሞላ ጆንያ እየፈታሁ ነው። ከኋላ በኩል «ሌባ! ሌባ! ስልኬን!» የሚል ድምፅ ተነሳ። በዚያው ቅጽበት አንድ ሰው ጆንያ ተሸክሞ በበራችን ፊት ሮጠ። ታውቃለህ፣ በእኛ ረድፍ ተሸካሚ ሁሉ ይሮጣል፤ ኩንታል ጀርባው ላይ የሆነበት ሰው ከቆመ ይወድቃል። ልጅህ በጆንያ መሃል ያደገ ልጅ ነው፣ ከማንም በላይ ያውቃል። ግን ያን ቀን ያየው ጀርባ፣ ጆንያና ሩጫ ነው፤ የሰማው ደግሞ «ሌባ!» የሚለውን ነው። ምንሽሩን ይዞ ወጣ። «ቁም!» አለ። ሰውየው አልቆመም። ደገነ።

አንተዬ፣ አፌ ሰነፍ ነው ብሎ የሚያማኝ አንድም ሰው እንደሌለ ታውቃለህ። ያን ጊዜ ግን ድምፅ አልወጣኝም። ወስፌዋን ጨብጬ ቆሜ ቀረሁ።

ጣቱን ሳበው።

ጠቅ አለ። በቃ። ከምስር ውስጥ ያመለጠች ጠጠር ጥርስ ላይ ስትሰበር የምታሰማው ዓይነት፣ ያቺን ታህል ድምፅ።

ሰውየው መኪናው ጋ ደርሶ ሸክሙን ዘረገፈና ላቡን ሊጠርግ ዞረ። ደምሴ ነው። የራሳችን ደምሴ፣ አንተ በነበርክበት ዘመን ሁሉ እህላችንን የተሸከመው፣ ለቅሶህ ላይ ድንኳኑን የተከለው። አፈሙዙን አየ፣ ዳዊትን አየ፣ ጆንያው ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ዳዊት፣ ጤፉ እኮ የናንተው ነው» አለ።

የኛው ነበር። ጠዋት እኔው የሸጥኩት፣ እኔው «ደምሴ፣ ቶሎ በል፣ መኪናው እንዳያመልጥህ» ያልኩት።

ስልኩ ደግሞ፣ ለታሪክ እንዲቀመጥ ልንገርህ፣ «ሌባ!» ብሎ ከጮኸው ሰውዬ ከራሱ ከሌላኛው ኪሱ ተገኘ። ጋሽ መኩሪያ ግን ቁጥራቸው ውስጥ አስገብተውታል፤ ከገባ አይወጣም።

ዳዊት ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። ደምሴ ፊት ተንበርክኮ ሊስመው ሲል ደምሴ በብብቱ ይዞ አነሳው፣ «ተነስ፣ ሰው እያየን ነው» አለው፤ ወደ ክስም አልሄደም። ልጅህ «ጥይቱ አርጅቶ ነው የከሸፈው» አለ። እኔ ደግሞ ተክልዬ ናቸው ብዬ ጃንጥላ ተሳልኩላቸው። ባለወርቅ ዘርፍ፣ ትልቁን። አንተን ግን፣ ይቅር በለኝ፣ አልጠረጠርኩህም።

በአራተኛው ቀን ምንሽሩን ጆንያ ውስጥ ከትቼ አፉን ሰፋሁት። ጥይቶቹን ለብቻ በመሐረብ ቋጠርኩ። ዳዊት ሊሸከመው ሲል ደምሴ መጣና ነጠቀው። «ወደ እኔ ዞሮ የነበረ ነገር ጀርባዬ ላይ ሆኖ ይሂድ፣ እንዲያ ይሻለኛል» አለ። በአብነት ሰፈር በኩል ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሄድን፤ ደምሴ ከፊት፣ እኔ ከመሃል፣ ልጅህ ከኋላ አንገቱን ደፍቶ። ያየን ሰው ናሙና የምናደርስ ነው የመሰለው። ደምሴ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሸክም ይዞ ሳይሮጥ ሄደ።

የመሣሪያ ጉዳይ የሚያየው ሳጅን ወጣት ነው፣ ጢሙ ገና ያልወሰነ። «ምንድን ነው ማዘር?» አለኝ። «ምንሽር ነው፣ ልጄ» አልኩት። ከወንበሩ ተነሳ። «በጆንያ?!» «እህል ነጋዴ ነኝ፤ ሌላ መጠቅለያ አላውቅም።» አንድ ዓመት ከምናምን የት ነበራችሁ ብሎ በሕግ አንቀጽ ቆጣ ቆጣ ካለኝ በኋላ ይክፈቱት አለ። ወስፌዬን ከሽርጤ አወጣሁና ስፌቱን ፈታሁለት።

መሣሪያውን አነሳ፣ ከፈተ፣ ወደ ውስጥ አየ፣ በጥፍሩ ነካ አደረገ። ቅንድቡ ወጣ። አንድ ነገር ፈታ፣ ሌላ ነገር ፈታ፣ ከሆዱ አንዲት ደነዝ ቁራጭ ብረት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከዚያ እጄን አየ። «ማዘር፣ ያቺን ወስፌ እስቲ ያሳዩኝ።» እጀታውን ይዞ ብረቷን ነቀላት፤ ምንሽሩ ውስጥ ሲከታት ቤቷ እንደገባች ልጅ ገብታ ቁጭ አለች።

«ይሄ እኮ መርፌው ነው» አለ። «ጥይቱን የሚመታው። ያለ እሱ ይሄ ዱላ ነው። አንድ ሰው መርፌውን አውጥቶ በቦታው ይቺን አጭሯን አስገባ፤ ጥይቱ ጋ አትደርስም፣ ጠቅ ብቻ ትላለች። ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ማን ነው የሠራው?»

«ባለቤቴ» አልኩ። ከዚያ ወዲያ ያ ወጣት ለእኔ ወንበር ፍለጋ ሲሮጥ ብቻ ትዝ ይለኛል።

ለካ በሙሉ ድምፅ በተሾምክ በሁለተኛው ቀን ነው ሥልጣንህን የለቀቅከው። ለካ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ የምትወለውለው ዱላ ነበር። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ታላቅ ወንድምህ በአንድ ጥጃ የተነሳ ጎረቤቱን እንደገደለ ነግረኸኛል። «ወንድሜ ክፉ አልነበረም፣ ነገር ግን ሲናደድ መሣሪያው አጠገቡ ነበር» ነው ያልከኝ። እኔ በዚያ ስብሰባ ላይ ሳቅና ጭብጨባ ስሰበስብ አንተ ያን ጎረቤት እያየኸው ነበር። አባትህን ላለማሳፈር ምንሽሩን አልጣልክም፣ ረድፉን ላለማሳፈር ሹመቱን አልመለስክም፣ እኔን ላለማሳፈር ደግሞ አንዲት ቃል አልተናገርክም።

ለምን አልነገርከኝም ብዬ ልቆጣ አሰብኩና መልሱን ራሴ አገኘሁት። ለእኔ ምስጢር መንገር ለአብነት ታክሲ ረዳቶች መንገር ነው፤ እንዲያውም እነሱ ፌርማታ ላይ ይቆማሉ። ስለዚህ ምስጢሩን እጄ ላይ አስቀመጥክልኝ፣ እኔ በፍጹም በማላይበት ቦታ። አሥር ዓመት ሙሉ ምንሽሩን እያመሰገንኩ የጠቆምኩት በራሱ መርፌ ነበር! ከላይ ሆነህ አልሳቅክም ብለህ እንዳትምልልኝ።

ይሄ ደግሞ የመጀመሪያህ አይደለም። ከደብረ ብርሃን መጥቼ እዚሁ ረድፍ ውስጥ ምስር ለቃሚ የነበርኩ ጊዜ፣ ካንተ ሱቅ የሚሰጠኝ ምስር ሁልጊዜ ጠጠር የሌለው ነበር። ሰነፍ መሆኔን ሊፈትነኝ ነው ብዬ አንድ ቀን ሰፌዱን ፊትህ ወርውሬ ሰድቤሃለሁ። ከተጋባን ከስንት ዓመት በኋላ ነው ጋሽ ሱሩር የነገሩኝ፤ በየማለዳው ቀድመህ ገብተህ ራስህ ትለቅመው ነበር፣ ዓይኔ ደካማ መሆኑን አይተህ። አንተ ሰውዬ፣ ደግነትህን እንደ ሌባ ነበር የምትሠራው፤ ሰው ሳያይ ገብተህ፣ ዱካ ሳትተው ወጥተህ። በጋሽ ሱሩር አቆጣጠር ካልተያዝክ የለህም። እነሆ ሁለት ጊዜ ተያዝክ።

ስርቆት ጨመረ ቀነሰ የሚሉት ሁለቱ ሽማግሌዎች አሁንም አልተስማሙም፣ ይከራከሩ። እኔ ግን ከዚያ ጣቢያ ስወጣ አንድ ነገር ሳስብ ነበር። ሳጅኑ መዝገቡ ላይ «የማይሠራ መሣሪያ፣ አንድ» ብሎ ጻፈ። ደምሴ አልሞተም፤ ስለዚህ የትም አልተጻፈም። ልጃችን ገዳይ አልሆነም፤ ይህም የትም አልተጻፈም። በሬዲዮ የሚነገር ቁጥር ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ነገር ነው የሠራኸው። ስለዚህ እኔ ልጻፈው ብዬ ነው ይህን ሁሉ ወረቀት የጨረስኩት።

የተክልዬን ጃንጥላ በተመለከተ፣ ስለቴን አላጥፍም። ገብቷል። እሳቸው ጥላውን ይያዙ፣ አንተ ከሥሩ ጠጋ በል፤ ተነጋግራችሁ ተካፈሉት።

ሳጅኑ ዳዊትን «ወራሽ ነህ፣ ከፈለግህ በስምህ ማመልከት ትችላለህ» ብሎት ነበር። ዳዊት በር ላይ የቆመውን ደምሴን አየና «አልፈልግም» አለ። መርፌዋም የመሣሪያ አካል ናትና እዚያው ቀረች። እንዴት ሆኜ ነው ሥራዬን የምሠራው ብዬ ብከራከርም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በክርክር ተሸነፍኩ፤ አልከፋኝም። እጀታዋን ግን መለሰልኝ። በመዳፌ ልክ ተጠርባ፣ ጣቶቼ የሚያርፉበት ጎድጉዶ፣ ያንተ ቢላዋ ምልክት ያለባት እጀታ። በማግስቱ ዳዊት ሳይነግረኝ ወጣና ምናለሽ ተራ ደርሶ አዲስ ብረት አስገብቶባት መጣ። ምንም ታሪክ የሌለው ብረት ነው። «ጥፍርሽ እንዳያልቅ» ብሎ እጄ ላይ አኖረልኝና ወደ ሥራው ዞረ። አንድ ቃል አልጨመረም። ትከሻው ብቻ መስሎኝ ነበር ያንተ።

ጋሽ መኩሪያ ባዶውን ሚስማር እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ምንሽሩ ከሄደ ወዲህ እስካሁን ምንም አልተሰረቀብንም፤ ስነግራቸው «ሌቦቹ ገና አልሰሙም» ይላሉ። የኔን ንግግር መልሰው ለእኔው።

ዛሬ ጠዋት ደምሴ መጥቶ ጎንበስ አለ። ዳዊት ከአንድ ወገን እኔ ከሌላው ይዘን ኩንታሉን ጀርባው ላይ አደረግንለት። «ዘወር በሉ!» እያለ ሮጠ፤ በበራችን ፊት፣ በጋሽ ሱሩር ባቄላ ጥግ፣ እስከ መኪናው ድረስ። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልተነሳም። እኔ በሆዴ ስምህን ጠራሁ። ከእንግዲህም እንዲሁ ነው የማስብህ፤ በዚህ ረድፍ ጭነት የያዘ ሰው በደህና ሮጦ ባለፈ ቁጥር፣ አያሌው እላለሁ።

ስንዱ